የሲንደሬላን ጫማ ለቀቅ፣ ፖካሃንታስን ጠበቅ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ አውጥቼዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሿ አራት። ትልቋ የልዕልት ካርቱን ካገኘች ምግብም ትዝ አይላት። አባቷ ፊልም ቤት ሄዶ ፍላሽ ሙሉ አስጭኖ መጣላት። ሲንደሬላ፣ ስኖው ኋይት፣ ሙላን፣ አላዲን፣ ፖካሃንታስ፣ ፍሮዝን፣ ሞአና፣ ምኑ ቅጡ!

ችግሩ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ለቡና ይመጣሉ። ልጅቷ ፊልም ከከፈተች አጠገቧ ቁጭ ይሉና ‹ይሄ ውሸት ነው፤ በመስታወት ጫማ ይጨፈራል እንዴ? ይሄ ቀሚስ የየት ዘመን ነው? ንጉሡስ የየት አገር ንጉሥ ነው?› እያሉ ልቧን ያወልቁታል። ባለፈው እሑድ እያለቀሰች ከሳሎን ወጣች። ከሁሉም የወደዱላት አንድ ፊልም ነው፤ ፖካሃንታስን። ‹ይህቺ እንኳ በእውነት የነበረች ናት፤ ታሪክ ነው፤ ይሄን ደጋግመሽ እዪ› አሏት።

አማቴ ደግሞ በሌላ በኩል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቷ የወላጆች በዓል አለ። ልጆቹ የሚወዱትን ሰው መስለው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ልጄ የፍሮዝኗን ሰማያዊ ቀሚስ ካልለበስኩ ብላ አስቸገረች። አማቴ ‹የአንኮበር ነገሥታት አገር ተቀምጠሽ የፈረንጅ ልዕልት ትሆኛለሽ? የጥንት እናቶችሽን ልብስ ልበሺ› አሏት። እሷም ‹የአንኮበር ልዕልት ማን ናት? ፊልሟ የታለ?› ብላ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን።

ፊልሙን ልከልክላት? ጋሼን ምን ልበላቸው? ባለቤቴ እንደሆነ ‹ታላቄን አልናገርም› ብሎ እጁን አውጥቷል። ትንሿስ አብራ ብታይ ምንም አይደል?»

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ፊልሙን አትከልክያት። ይሄን ቀድሜ የምነግርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ፍላሹን ቁም ሳጥን ውስጥ ልትቆልፊው የተነሣሽ ስለመሰለኝ ነው። የተከለከለ ፊልም ጎረቤት ቤት ይታያል። እዚያ ደግሞ ስትጠይቅ የሚመልስላት አይኖርም።

ጋሼንም አትቀየሚያቸው። ዕድሜ ልኩን ጠመኔ ይዞ የኖረ መምህር ስሕተት አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ደግሞ ነገሩ ከንቱ አይደለም። ልጅ በዓይኗ ያየችውን ታምናለች፤ የቻይናንም የዓረብንም የአሜሪካንም ሰው መጀመሪያ የምታውቀው በካርቱን ነው። ግን ጋሼ የተቆጡት በማይገባው ፊልም ላይ ነው። ሲንደሬላን አላስቆም አላስቀምጥ ብለው ፖካሃንታስን መርቀው አሳለፏት። ግልባጩ ነበር የሚሻለው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ተረት እንደፈለገው ይዋሽ። «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ንጉሥ ነበረ» ካለ በኋላ ዱባው ሠረገላ ቢሆን፣ አይጡ ፈረስ ቢሆን ማን ይከሰዋል? እኛስ «ተረት ተረት» ሲሉን «የመሠረት» ብለን ተቀብለን፣ ጅብ ሲመነኩስ ዝንጀሮ ዳኛ ሲሆን ሰምተን አይደል ያደግነው? ነገር ግን ተረቱ የነበረ ሰው ስም ከጠራ፣ የታወቀ ሕዝብ ልብስ ካለበሰ፣ «ይህ የሆነው እዚህ አገር ነው» ካለ፣ እንደፈለጉ መዋሸት እዚያ ላይ ያበቃል። ስሙን የወሰደበት ሰው ዕዳ አለበት። ልብሱን የወሰደበት ሕዝብም እንዲሁ።

(የፈረንጆቹን ዓመት እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ባገራችን አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እጨምርበታለሁ። ጋሼ ይህን ካላዩ ሌላውን አያነቡትም።)

በዚህ መንገድ ስናየው ሲንደሬላ የማን አገር ልጅ ናት? የማንም። ከ2,000 ዓመት በፊት ገደማ የኖረው ግሪካዊው ስትራቦን አንድ ወሬ ጽፏል። ግብፅ ውስጥ ሮዶፒስ የምትባል ሴት ገላዋን ስትታጠብ ንስር ጫማዋን ነጥቆ ይወስድና ንጉሡ ጭን ላይ ይጥለዋል፤ ንጉሡም ባለጫማዋን አስፈልጎ ያገባታል። ቻይና ውስጥ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ደግሞ ዬ ሺየን ስለምትባል፣ የእንጀራ እናቷ ስለምታሠቃያት ልጅ ነው። ጫማዋ የወርቅ ነው፤ የምትረዳትም ዓሣ ናት። የመስታወቱን ጫማ ያመጣው ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ነው፣ በ1697። ዲዝኒ በ1950 ፊልሙን ሲያወጣ የተከተለው እሱን ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ አገር የዞረ ተረት ይዞ «ንጉሡ የየት አገር ነው?» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ልጅቷን ይተዋት፤ በመስታወት ጫማዋ ትጨፍር።

ፖካሃንታስ ግን የነበረች ልጅ ናት። እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። ይሁንና እሷ ስለነበረች ፊልሙ እውነት አይሆንም። ዕዳው ነው የሚከብደው።

የሆነውን ልንገርሽ። እንግሊዞች ዛሬ አሜሪካ በምንለው አገር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ጄምስታውን ላይ የሰፈሩት በ1607 ነው። አባቷ በዚያ አካባቢ ብዙ ነገዶችን የሚገዛ ታላቅ አለቃ ነበር። ስሟ አሞኑቴ ነው፤ ማቶዋካ የሚባል ሌላ ስምም ነበራት፤ ፖካሃንታስ የቁልምጫ ስሟ ነው። እንግሊዞቹ ሲመጡ 11 ዓመት ቢሆናት ነው። ልጅሽን የምትበልጣት በሁለት ዓመት ብቻ! ፊልሙ ፍቅረኛዋ ያደረገው ጆን ስሚዝ ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። በመካከላቸው ፍቅር ነበረ የሚል ማስረጃ የለም። ሊገደል ሲል ደርሳ አዳነችው የሚለውን የጻፈው ራሱ ስሚዝ ነው፤ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ። ብዙ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል።

ከዚያ ወዲህ የደረሰባትን የ1995ቱ ፊልም ጭራሽ አይነካውም። ስሚዝ ቆስሎ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ እሷ ከወገኖቿ ጋር ትቀራለች፣ አለቀ። በእውነት ግን በ1613 እንግሊዞች አታለው መርከብ ላይ አወጧትና ያዟት፤ ከአባቷ ጋር መደራደሪያ ልትሆን። ተይዛ ሳለች ተጠመቀችና ርብቃ ተባለች። በ1614 ጆን ሮልፍ ከሚባል ትምባሆ አምራች ጋር ተጋባች፤ ወንድ ልጅም ወለደች። በ1616 ወደ እንግሊዝ ወሰዷት፤ የሠፈራው ድርጅት «አረመኔዎቹ እንዴት እንደሚለወጡ እዩ» እያለ አሳያት። በመጋቢት 1617 ወደ አገሯ ልትመለስ ተሳፍራ ሳለ ታመመች። ግሬቭዘንድ የምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ላይ አውርደዋት ሞተች። ገና 21 ዓመት ገደማዋ ነበር። የተቀበረችው እዚያው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ጋሼን ስለ ዓለማየሁ ጠይቂያቸው። የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ ማለቴ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ሲወስደው የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በ1879 እዚያው እንግሊዝ አገር ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው፤ እሱም በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት። አሁን አንድ የፊልም ድርጅት ተነሥቶ ዓለማየሁን ጎልማሳ አድርጎ ቢሥለው፣ ከጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ አፋፍ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዘፍኑ ቢያሳይ፣ ከጎናቸው አንዲት ቀልደኛ ጦጣ ብትዘል፣ መጨረሻው ላይም እንግሊዞቹ በሰላም ሄደው ልጁ በደስታ አገሩ ቀረ ቢል፣ ጋሼ «ታሪክ ነው፤ ደጋግመሽ እዪ» ይሏታል? ቴሌቪዥኑም ከእጃቸው የሚተርፍ አይመስለኝም። የፖካሃንታስ ወገኖችም ፊልሙ ሲወጣ የተቃወሙት ለዚህ ነው።

ያገሩ መልክ እንኳ አልተረፈም። የፖካሃንታስ አገር ባሕር ያለበት፣ ወንዝ የሚተኛበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ፊልሙ ግን ጣርማ በርን የሚያስንቅ ገደልና ፏፏቴ ሥሎ ከላዩ ላይ አዝልሏታል። ለኛ ደገኞች አገሯ አገራችንን ቢመስል ደስ ይለን ይሆናል፤ ለተወላጁ ግን ያሳዝናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለልጅሽ ፖካሃንታስን አትከልክያት። ዘፈኑ ቆንጆ ነው፤ ወንዙም ዛፉም ነፍስ እንዳለው ማየቷ አይጎዳትም። ሲያልቅ ግን አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ «የነበረችው ልጅ እንዲህ ሆነች» ይበላት። ያ ሰው ማን እንደሚሆን መቼም ገብቶሻል።

ሙላን ላይ ብዙ አልቆይም። ሙላን፣ ወንድ መስላ የዘመተችው ቻይናዊት፣ በግጥም ተዘምሮላት የኖረች ናት፤ በእርግጥ ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም። ግጥሙ የ5ኛው ወይም የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። የ1998ቱ ፊልም ግን በ1420 ተሠርቶ ያለቀውን የፔኪንግ ቤተ መንግሥት የመሰለ ግቢ ሰጥቷታል። ርችቱንም ተኩሶላታል፤ ባሩድ ገና ሳይሠራ። ይህ ጋሼን ሊያበሳጭ ይችላል፤ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። በግጥሙ ሙላን ከወንዶቹ ጋር 12 ዓመት ዘምታ ሴት መሆኗን አንድ ሰው አላወቀባትም። ያወቁት ቤቷ ገብታ የሴት ልብሷን ስትለብስ ነው። ንጉሡ ሹመት ሲሰጣት እንቢ ብላ፣ አገሯ የሚያደርሳት ፈጣን ግልቢያ ብቻ ለመነች። ፊልሙ ግን መንገድ ላይ ያስይዛትና በሞት ሊያስቀጣት ይደርሳል። ጥንታዊው ከአዲሱ ይልቅ ለሴት ልጅ ልቡ የሰፋ ነው። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት፤ ትወደዋለች።

አላዲን ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ሰው ሁሉ የዓረብ ጥንታዊ ተረት ይመስለዋል። አንትዋን ጋላን የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ታሪኩን የሰማው በ1709 ፓሪስ ላይ ነው፤ የነገረውም ሐና ዲያብ የሚባል የሶርያ ክርስቲያን ነው፣ የአሌፖ ሰው። ተረቱ ሲጀምር «በቻይና አገር» ይላል! የ1992ቱ ፊልም ሠሪዎች ይህን ትተው አግራባህ የምትባል ከተማ ፈጠሩ። ከተማዋ የዓረብ ስም አላት፤ ቤተ መንግሥቷ ግን ሕንድ ያለውን ታጅ ማሃል ይመስላል። የሌለች ከተማ ስለሆነች እስካሁን በኔ ሚዛን ችግር የለውም። ግን የመክፈቻው ዘፈን ያገሩን ሰው ጆሮ የሚቆርጥ አረመኔ አድርጎ ነበር የሚያወጣው። የአሜሪካ ዓረቦች ጮኹበት፤ በ1993 ያ ስንኝ ተቀየረ። የከተማ ስም መፍጠር ብቻውን ከዕዳ አያድንም ማለት ነው፤ ልብሱንና ቋንቋውን ሲያዩ ሰዎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የልጅሽ ፍሮዝን የተሻለ ታሪክ አለው። አገሩ አሬንዴል የፈጠራ ነው፤ መልኩ ግን ኖርዌይ ነው። በመጀመሪያው ፊልም፣ በ2013፣ በረዶ የሚሸጠው ልጅ የለበሰው ሳሚ የሚባሉትን አጋዘን አርቢ ሕዝቦች ልብስ የሚመስል ነገር ነው። ለሁለተኛው ፊልም ግን ሠሪዎቹ ከሳሚ ተወካዮች ጋር ስምምነት ፈርመው፣ ምክር ተቀብለው ሠሩ። በ2019 ሲወጣ በሰሜን ሳሚኛም ተተርጉሞ ነበር። ቋንቋውን የሚናገሩት ጥቂት አሥር ሺህ ሰዎች ናቸው፤ የደብረ ብርሃንን ሕዝብ አያክሉም። ተደራድረው አገኙት። እኛ ብዛታችንን ስንቆጥር እነሱ ውል አስፈረሙ፤ እግረ መንገዴን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዋ። «የአንኮበር ልዕልት ማን ናት? ፊልሟ የታለ?» ይህቺ ልጅ ጋዜጠኛ ሳይወጣት አይቀርም።

ፊልሟ ከሌለ እስቲ አብረን እንሥራላት። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይሁን፤ ሸዋን ከ1813 እስከ 1847 የገዙት። አንኮበር ብለን ስም ጠርተናልና እኛም ባለዕዳ ነን። ስለዚህ ሰማይ ጠቀስ የድንጋይ ግንብ የለም። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አናት ላይ የተሠሩ የሣር ክዳን ቤቶች ነበሩ፤ ዙሪያቸው የእንጨት አጥር በአጥር ላይ ተደራርቦ። ከማማ ላይ ረጅም ፀጉሯን ወደ ታች የምትለቅ ልዕልት አይታሰብም። ፀጉሩስ የት አለና? ያላገባች ልጅ ሳዱላ ናት። መሀል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ብቻ ተትቷል፤ የቀረውም በቅቤ ርሷል። ጫማም የላትም፤ በዚያ ዘመን ጫማ ለመኳንንቱም የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ከግብር አዳራሽ ሮጣ ስትወጣ የሚወድቅባት የብር አልቦዋ ነው። የልዑሉ አሽከሮች አልቦ ተሸክመው ከመንዝ እስከ ይፋት የሴት ቁርጭምጭሚት ሲለኩ ይታይሽ! ልዑሉ ራሱ ግብሩ ላይ ጥሬ ሥጋ በቢላዋ እየቆረጠ ሲጎርስ ነው የምታገኘው። ብርዱን ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ከትከሻዋ የሚወርደው ሐር ሳይሆን የመንዝ በግ ጠጉር በርኖስ ነው፤ ቁልቁል ወደ ይፋት ስታይ ከጭጋግ በስተቀር የሚታያት የለም።

እኔ ይህን ፊልም ከማንኛውም ባለ ግንብ ፊልም አስበልጬ አየዋለሁ። የሚሥለው ሰው ከተገኘ ማስረጃውም አለ። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ሲመጣ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። አገሩንና ሰውን እያየ ሥሎ በ1852 ለንደን ላይ አሳትሞታል። ሥዕሎቹ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። እርግጥ እሱም የፈረንጅ ዓይን ነው ያለው። ቢሆንም ቤቱን፣ ተራራውን፣ ኩታው እንዴት እንደሚጣፋ ያያል። ጋሼን «እስቲ ይህን አብረን እንይ» በያቸው።

ልጅቷ «አይ፣ የእውነቷን ነው የፈለግሁት» ካለች ደግሞ አለልሽ። ከቤትሽ ሳትርቂ ጀምሪ። ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ በእስልምና ያደገች። ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጋባች። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው፤ መጨረሻ ዘመናቸውንም ያሳለፉት እዚያው ነው። እሳቸው በ1468 ካረፉ በኋላ እሌኒ ገዳም ገብታ አልቀረችም። ነገሥታት ሲፈራረቁ እሷ በምክሯ ነበረች። ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን በሞግዚትነት ያዘች፤ በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ላከች። ሰርጉ ላይ የሚያልቅ ፊልም አይበቃትም፤ የሷ ታሪክ ከሰርጉ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ሲንደሬላ ካልሆነች አይሆንም ካለችሽ ወይዘሮ እጅጋየሁ አለች። በሣህለ ሥላሴ ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ከሆዷ ፀሐይ ስትወጣ በሕልሟ አየች እየተባለ ይነገራል። ወሬው የንጉሡ ሚስት የወይዘሮ በዛብሽ ጆሮ ደረሰ ይባላል። ከንጉሡ ልጅ ከኃይለ መለኮት የወለደችው ሕፃን ምኒልክ ሆነ፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ ከናንተ ብዙም በማይርቀው አንጎለላ። የሕልሙን ነገር ተረት በይው። መወለዱን ታሪክ በይው። ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይጠፋትም፤ ብቻ የሚነግራት ሰው አይቀላቅልባት። እቴጌ ጣይቱን ከፈለገችም በ1875 ዓ.ም. ሥርዓተ ተክሊሉ የተፈጸመው አንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው። ሙሽራዋ ያኔ 30 ዓመት ያለፋት፣ ከዚያ በፊትም አግብታ የፈታች ሴት ነበረች። ይህን የሚደፍር የካርቱን ሠሪ እስኪወለድ እንጠብቃለን።

አማትሽን በተመለከተ ቀስ በይ። ሐሳባቸው የፍቅር ነው። ነገር ግን «የጥንት እናቶችሽ ልብስ» ብለው የሚገዙላት ከጀርባው ዚፕ ያለው፣ ጥለቱ በአምስት ቀለም የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ከሆነ እሱም የዛሬ ልብስ ነው። ቆንጆ ነው፣ ያምርባታል፣ ጥንት ግን አይደለም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ዚፕ የለም! ይህን አንቺ አትንገሪያቸው፤ ከምራት አፍ አያምርም። ይልቅ ሥራ ስጪያቸው። ባዘቶና እንዝርት ካላቸው ያውጡት፤ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ጥጥ እንዴት እንደሚፈተል ትይ። የተኛችው ውበት የምትባለዋ ልዕልት ጣቷን የተወጋችው በእንዝርት ነው አይደል? ፈረንጅ አገር ያሉ ብዙ ልጆች እንዝርት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ የናንተ ቤት ግን አያት ጋ አለ። ልጅቷ ያን ቀን አያቷን በሌላ ዓይን ታያለች።

ለበዓሉ ሰማያዊውን ቀሚስ ትልበስ። የተባለው «የምትወዱትን ሰው መስላችሁ ኑ» ነው፤ የምትወደው ያቺን ነው። ፍሮዝን ደግሞ ስም ያልጠራ አገር ተረት ነው፤ የልብሱንም ዕዳ በሁለተኛው ፊልም ከፍሎታል። ከላይ ግን ጋቢ ደርቢላት። የበረዶ ንግሥት ብትሆንም የደብረ ብርሃን ሰኔ አይምራትም። በሚቀጥለው ዓመት ራሷ እሌኒን ልሁን ካለች ያኔ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብላችሁ ምን እንደምትለብስ ታጣራላችሁ።

ጋሼን እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? ባልሽ ታላቁን አለመናገሩ አይፈረድበትም። አንቺም «ልጄን አስለቀሱብኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ነገር ይበላሻል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ጋሼ፣ ፖካሃንታስ እውነት ናት ብለው ነግረዋታል፤ መጨረሻዋ ምን ሆነ? ልጅቷ ጠየቀችኝና አጣሁት» በያቸው። አስተማሪ ናቸው፤ ሳያጣሩ አያድሩም። ያገኙትን ይዘው ሲመጡ «እንግዲያው ፊልሙ ሲያልቅ እርስዎ ይንገሯት፤ እስኪያልቅ ግን አያቋርጧት፤ ለርስዎ ስትል ጥያቄዋን ጽፋ ትይዛለች» በያቸው። ለልጅቷም ደብተር ግዥላት። ጋሼ ሥራቸውን ያገኛሉ፣ እሷም ፊልሟን። ጠመኔ የያዘ ሰው የሚናፍቀው ጠያቂ ተማሪ ነው።

ያንን ደብተር ራሳቸው ጋሼ ቢጀምሩበት ደግሞ አይገርመኝም። ከሞላ ለአንኮበሩ ፊልም መነሻ ይሆናል።

ትንሿን በተመለከተ ስኖው ኋይትን አቆዪላት። ንግሥቲቱ መድኃኒት ጠጥታ ወደ አሮጊት ጠንቋይ የምትለወጥበት ቦታ አለ፤ ፊልሙ የ1937 ቢሆንም ዛሬም ያስፈራል። የአራት ዓመት ልጅ ያን አይታ ማታ አትተኛልሽም፤ ሽንት ቤትም ብቻዋን እንቢ ትልሻለች። ሞአናን አብራ ትይ፤ እሱም ላይ እሳት የምትተፋዋ ስትመጣ ጭንሽ ላይ ትቀመጥ። ፖካሃንታስን ደግሞ ታላቋ መጨረሻውን ሰምታ ካበቃች በኋላ፣ እሷው ትንገራት።